የታችኛው ጠረጴዛ ማርደኖች

ደብዳቤው የደረሰው በሜይ ወር መጀመሪያ፣ አይዳ ማርደን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ነው። ፖስታው ላይ የማርደን ቤተሰብ ማኅበር ማኅተም አለበት። የላከው ሊቀ መንበሩ ዶክተር ሆሬስ ማርደን ነው፤ ሥራ ያቆመ የጥርስ ሐኪም። በክሬን ኔክ ከተማ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጥርሱን ለሆሬስ አስረክቧል።

አይዳ ወጥ ቤት ውስጥ እንደቆመች አነበበችው። ወንድሟ አሞስ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ የሎብስተር ወጥመዱን መረብ ይጠግናል።

«ምን ይላል?»

«ድንጋይ ሊያቆሙ ነው። ኦባዲያ ከመርከብ የወረደበት ሜዳ ላይ። ግራናይት።»

«ደግ አደረጉ። ላሞቹ መታከኪያ አልነበራቸውም።»

«ስም ይቀረጽበታል። ‹ኦባዲያ ማርደን፣ በርሜል ሠሪ፣ በ1720 ከእንግሊዝ አገር መጣ። ሚስቱ ፔሸንስ። ልጃቸው ጆተም።›»

«ሔኖክስ?»

«ሔኖክ የለም።»

አሞስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ጥርሶቹ የራሱ ናቸው፤ ሆሬስ ዘንድ ሄዶ አያውቅም። «ምን አዲስ ነገር አለው?» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆሬስ አያት ላይሳንደር ማርደን በ1911 የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መጽሐፍ አሳተመ። ማርደን የተባለ ሁሉ ቤት አንድ አንድ አለ፤ የሚያነበው ጥቂት ነው፣ ገጽ አራትን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ገጽ አራት አናት ላይ ሦስት ቀኖች አሉ። ኦባዲያ ኤፕሪል 2 ቀን 1720 ከመርከብ ወረደ። ሜይ 12 ቀን 1720 ፔሸንስ የምትባል የከተማዋን ልጅ አገባ። ሔኖክ ደግሞ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1720 ተወለደ። ልጁ የተወለደው አባቱ ገና ባሕር ላይ ሳለ ነው ማለት ነው። ላይሳንደር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ጉዳዩን በጨዋ ቋንቋ ዘጋው፦ «ሔኖክ ፔሸንስ ይዛው የገባችው ልጅ ሲሆን፣ ኦባዲያ በቸርነቱ አሳድጎታል።»

ጆተም ከዓመታት በኋላ የተወለደው ሁለተኛው ልጅ ነው። ሆሬስና አብዛኛው ማርደን ከጆተም ይወርዳሉ። አይዳ፣ አሞስና አሥራ አንድ ሌሎች ሰዎች ከሔኖክ ይወርዳሉ።

ቤተሰቡ በየዓመቱ በኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። አንዱ ከላይ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። ሌላው ከታች፣ ቦሎቄው የሚበስልበት ጉድጓድ አጠገብ፣ ጭሱ የሚነፍስበት ላይ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የደነገገ የለም። የጆተም ልጆች ከላይ ይቀመጣሉ፣ የሔኖክ ልጆች ከታች፤ ጉድጓዱ አጠገብ ያለ ሰው ደግሞ በልቶ ሲያበቃ የሸክላ ድስቶቹን ያጥባል። የአይዳ እናት አርባ ዓመት አጠበች። ሞላሰስና የአሳማ ስብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋገርበት ያደረ ድስት አጥቦ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል ሥራ ሊያየው ይችላል።

የላይኛው ጠረጴዛ ልጆች አይዳንና አሞስን «ቸርነት» ይሏቸው ነበር። «ቸርነት፣ ያን ዳቦ አቀብዪኝ።» አሞስ በ1938 አንዱን የሆሬስ ወንድም አፍንጫውን በቡጢ አለውና ሜዳውን ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እግሩ አልረገጠውም። አይዳ ግን አንድም ዓመት አልቀረችም። ለምን ትሄጃለሽ ሲሏት «ድንች ሰላጣው ጥሩ ነው» ትላለች። እውነቱ ግን አይዳ ከያዘችው ወንበር ተነሥታ አታውቅም፤ የአውቶቡሱም ይሁን የሌላ።

የዚያኑ ቀን ሆሬስ ዘንድ ደወለች።

«ሆሬስ፣ ዝርዝሩ ላይ ሔኖክ የለም።»

«አይዳ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቀኑ ነው የሚናገረው። ማስረጃ ካለሽ አምጪና ራሴ አስገባዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ጠራቢው ከጁላይ አራት በዓል በኋላ ባለው ሰኞ ይጀምራል። ድንጋይ ነው መቼም። እርሳስ አይደለም የሚጠፋው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለዚያ አይደል የደወልኩት።»

ጁን ላይ የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረከበች። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድታለች። ትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማት፤ በየማለዳው አሥር ተኩል ላይ ስትነቃ ለኖረች ሴት ሰዓት መሸለም ምን ይሉታል፣ አለ አሞስ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። አይዳ አንድን መንገድ ራሷ ሳትነዳው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላ አታውቅም፤ ገጽ አራትንም ከምንጩ ልታየው ፈለገች።

የከተማው ጸሐፊ ፊሎሜና ኮቴ ናት። ልጅ ሳለች በአይዳ አውቶቡስ ሦስተኛው ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ተመላልሳለች። ቤተሰቦቿ ከኩቤክ ወርደው የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

«እጅዎን ይታጠቡ ሚስ አይዳ» አለች የብረት ካዝናውን እየከፈተች። «ይሄ መጽሐፍ ዕድሜው ሁለታችን ተደምረን የምንደርስበት አይደለም።»

«አንቺ ማስቲካሽን ስትተፊ እኔ እጄን እታጠባለሁ።»

ፊሎሜና ማስቲካውን ወረቀት ላይ ተፋች። ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ትእዛዙ ይሠራል።

መጽሐፉ የከተማው የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የሌላም የከተማ ጉዳይ መዝገብ ነው፤ ሁሉም እንደ አመጣጡ በአንድ ላይ የተጻፈበት። ያ ዘመን ጽሕፈት የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። አይዳ የመጀመሪያውን ማክሰኞ ፊደሉን ስትለማመድ ዋለች። ሐሙስ ስም መለየት ጀመረች። በሚቀጥለው ማክሰኞ 1720 ላይ ደረሰች።

ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምራ ጣቷን እያስኬደች ሔኖክን ፈለገች። ኤፕሪል መጣ፤ ኦባዲያ በርሜል ሠሪው ከመርከብ ወርዶ በከተማው እንዲኖር ተፈቀደለት። ሔኖክ የለም። ሜይ መጣ፤ ጋብቻው ተመዘገበ። ሔኖክ አሁንም የለም። አይዳ ገጽ ዘለልኩ እንዴ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰች። አልዘለለችም። ቀጠለች። የሰው ላም ሞተ፣ አንዲት አሮጊት ሞቱ፣ መንታ ተወለደ። ዲሴምበር 1720 አለቀ። ቀጥሎ ጃንዋሪ 1720 ይላል።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ጃንዋሪ 1720 ነው።

«ፊሎሜና፣ ይሄ ጸሐፊ ይጠጣ ነበር?»

«ምን አደረገ?»

«ዲሴምበርን ጨርሶ ጃንዋሪ ገባ፤ ዓመቱን ግን አልቀየረም።»

ፊሎሜና ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም። «እሱ አይደለም የሰከረው፣ እንግሊዞቹ ናቸው። ያን ጊዜ አዲስ ዓመት የሚገባላቸው ማርች ሃያ አምስት ነበር። እስከ 1752 ድረስ እንደዚያ ነው የኖሩት። ከቦስተን የሚመጡት ዘር ቆጣሪዎች ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሄንኑ ይጠይቁኛል። ዝቅ ብለው ይዩት፣ ማርች ላይ መስመር አስምሯል።»

አይዳ ዝቅ አለች። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1720፤ ሔኖክ፣ የኦባዲያ ማርደንና የሚስቱ የፔሸንስ ልጅ። ከዚያ ጥቂት መስመሮች። ከዚያ ማርች ሃያ አምስት፣ ወፍራም መስመር፣ በትልቁ 1721።

በጣቷ ቆጠረች። ጠረጴዛው ላይ፣ ጮክ ብላ። ከሜይ አሥራ ሁለት እስከ ፌብሩዋሪ ሃያ፣ ዘጠኝ ወር ከስምንት ቀን።

«ሰውዬው በወረደ በአርባ ቀኑ ተሞሸረ፣ ሚስትየው ደግሞ በዘጠኝ ወሯ ወለደች» አለች ፊሎሜና። «ስሟን ፔሸንስ፣ ትዕግሥት፣ ብለው ያወጡላት ወላጆች ልጃቸውን አያውቋትም።»

ላይሳንደር የት እንደሳተ ለመረዳት አይዳ ብዙ አልደከመችም። መቅድሙ ላይ ራሱ ጽፎታል፤ በኩራት። እያንዳንዱን ልደትና ጋብቻ በተለየ ወረቀት ገልብጦ፣ ቦት ጫማ የመጣበት ካርቶን ውስጥ በዓመትና በወር ደርድሮታል። መዝገቡ ላይ ከሠርጉ አምስት ገጽ በኋላ ያለውን ልጅ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከሠርጉ ፊት ሰካው። ፌርማታዎቹን ቆርጦ በፊደል ተራ እንደ ደረደረ ሾፌር ማለት ነው። መንገዱ ላይ ሁሉም አሉ፤ ማንም ግን ቤቱ አይደርስም።

ሐሙስ ማኅተም ያለበት ቅጂ ለመውሰድ ተመለሰች። ፊሎሜና እስክትተይብላት ድረስ አይዳ መጽሐፉን መግለጥ ቀጠለች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፤ የጀመሩትን መስመር እስከ መጨረሻው ፌርማታ መንዳት ልማዷ ነው። 1731 ላይ ኤፕሪል 3 ቀን ኦባዲያ ማርደን ከጀልባ ወድቆ መስጠሙን አነበበች። ይህን ገጽ አራትም ያውቀዋል። የጆተምን ልደት ደግሞ ማርች 20 ቀን 1731 ይለዋል፤ አባትየው ሊሰጥም ሁለት ሳምንት ሲቀረው። «ኦባዲያ ልጁን አቅፎ ባርኮ ሞተ» ብሎ ላይሳንደር አሳምሮ ጽፎበታል።

አይዳ ከኤፕሪል ወደ ኋላ ገለጠች። ጆተም የለም።

ወደ ፊት ገለጠች። በጋው አለፈ፣ መከሩ አለፈ፣ በረዶው መጣ። ከወፍራሙ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘችው። ጆተም፣ የፔሸንስ ማርደን ልጅ። የአባት ቦታ ላይ ጸሐፊው ምንም አልጻፈም።

ይህኛውን በጣቷ አልቆጠረችም። አያስፈልግም። ኦባዲያ ከሰጠመ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

«ፊሎሜና» አለች፣ «ሁለተኛ ቅጂ ስጪኝ።»

ፊሎሜና መጥታ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ አየች። አንብባ ስትጨርስ ማስቲካ ከመሳቢያዋ አወጣች። አይዳ ዛሬ ትፊው አላለቻትም።

«ዶክተር ሆሬስ ይሄን የመንጋጋ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ነው የነቀለው» አለች ፊሎሜና። «እንዲያው ነገሩን ነው።»

አሞስ ሲሰማ ሳቁ ከወንበሩ ጣለው። ተነሥቶም ሳቀ።

«እኛ ነን የኦባዲያ ልጆች። እኛ ብቻ። አሥራ ሦስት ሰው። እነሱ ሰባው በሙሉ…»

«ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለቱ በሙሉ ቸርነት!» አለ። «አይዳ፣ መቶ ቅጂ አስባዢ። ጫማዬን ልወልውል። በኦገስት እኔም እመጣለሁ።»

«ትመጣለህ?»

«አርባ ዓመት የጠበቅሁት ምን መሰለሽ?»

አይዳ መኪናዋን አስነሥታ ወጣች፤ ሳታስበው የቀድሞ መንገዷን ይዛ ኖሯል። ከወደቡ ወደ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ ድልድዩ። በየፌርማታው ፍጥነት ቀነሰች፤ ማንም አልተሳፈረም። ድልድዩ ላይ የጆተም ወገን የሆነ አንድ ማርደን ዓሣ ያጠምዳል። ልጅ ሆኖ አውቶቡሱ ውስጥ ያላስታወከበት ወንበር አልነበረም። እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘችለት።

ቅዳሜ ሆሬስ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብባል። የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጠችውና የማርቹን ነገር በአጭሩ ነገረችው። ሆሬስ ግትር ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለም። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አያቴ መሳሳቱ ነው» አለ በመጨረሻ።

«መሳሳቱ ነው።»

«ሰባ ዓመት ሙሉ።»

«ስልሳ ሰባት።»

«እሺ፤ እንግዲህ ሔኖክ ይገባል። የተባለ ተብሏል፤ ማስረጃ አምጪ አልኩ፣ አመጣሽ። እንዲያውም ታላቅየው እሱ ነው።» ጥቂት ፈገግ አለ፤ ቸር ለመሆን መዘጋጀቱ ነበር። «ታዲያ ይሄ የማርች ነገር ካለ ሌሎቹም ቀኖች…»

እዚህ ላይ ቆመ። ገጽ አራትን እንደ አባታችን ሆይ የሚያውቅ ሰው ነው። አይዳ ከንፈሩ ወራት ሲቆጥር አየችው። ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን። ዲሴምበር ላይ ሲደርስ ፊቱ ነጣ። ጃንዋሪ ላይ መቁጠሩን አቆመ።

«ሁለተኛ ወረቀት ይዘሻል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ማን አየው?»

«ፊሎሜና። አሞስም።»

«አሞስ» አለ ሆሬስ፣ የጥርስ ሕመምተኛ እንደሚለው። ጋዜጣውን አጥፎ፣ እንደገና አጥፎ፣ ከጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ዳኛ ልጅ አለኝ። የልጅ ልጄን ጆተም ብለነዋል። አይዳ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ ሆሬስ። የሚደባደብ ልጅ ነበር፣ ወንበር በቢላ የሚቀድ ነበር፣ ያንተ የወንድም ልጅ ደግሞ በየጠዋቱ ያስታውክብኝ ነበር። አንዱንም መንገድ ላይ አውርጄ አላውቅም።»

«እና?»

«ጆተምም አይወርድም። ሔኖክ ግን ይሳፈራል፤ ከፊት ወንበር።»

«ድንጋዩ ላይ ‹ልጆቻቸው› ብለን…»

«ድንጋይ ላይ አልዋሽም። ‹የቤታቸው ልጆች› በል። ያ እውነት ነው፤ ሁለቱም እዚያ ቤት በልተው አድገዋል። ዓመተ ምሕረት ደግሞ ባይኖርበት ይሻላል።»

«ለምን እንደሌለ ቢጠይቁኝስ?»

«ግራናይት ጠራቢ በፊደል ነው የሚያስከፍለው በል።»

«ሌላስ?»

«ድስቶቹ።»

«የትኞቹ ድስቶች?» አለ ሆሬስ። ከዚያ ገባው።

አሞስን ማሳመን ከሆሬስ ይልቅ ከበደ። አንድ ወር ሙሉ ፈጀ። በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለላት፤ ግን ፊቱ ላይ የሚሆነውን መከልከል አልችልም አለ።

በኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ፀሐይ ነበር። አሞስ ጫማውን ወልውሎ መጣ። ያኔ አፍንጫው የተመታው የሆሬስ ወንድም ሲያየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ አሞስ ግን ባርኔጣውን ነክቶ ሰላምታ ሰጠውና ፈገግ አለ፣ ቀኑን ሙሉም ፈገግ እንዳለ ዋለ። ሰዎች አረጀና ለሰለሰ አሉ።

ድንጋዩን የሸፈነው ሸራ ተነሣ። «ኦባዲያ ማርደን፣ በርሜል ሠሪ። ፔሸንስ፣ ሚስቱ። የቤታቸው ልጆች ሔኖክና ጆተም።» ሆሬስ መነጽሩን አድርጎ ስለ አሮጌው የዘመን አቆጣጠር ተናገረ፤ አያቱ በቅንነት ተሳስተዋል፣ ሔኖክ የኦባዲያ የበኩር ልጅ ነው፣ ይህን ያገኘችው አይዳ ማርደን ናት አለ። ጭብጨባ ሆነ። ከታችኛው ጠረጴዛ አንዲት አሮጊት «አሁን ነው የነቃችሁት?» አሉ፤ ጭብጨባው በሳቅ አለቀ።

ከዚያ ክላሪቤል እጇን አወጣች። ክላሪቤል የሆሬስ የአጎት ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች።

«ሆሬስ፣ ይሄ የማርች አቆጣጠር የሌሎቹንም ልደት አይለውጠውም?»

ሆሬስ ወደ አይዳ አየ። አሞስ አፉን ከፈተ። አይዳ ከፊቱ ካለው ትሪ አንድ ቁራጭ ጥቁር ዳቦ አንሥታ አፉ ውስጥ አስገባችለት።

«ክላሪቤል» አለች፣ «ቦሎቄው እየቀዘቀዘ ነው።»

ያ ሜዳ ላይ ቦሎቄ ሲቀዘቅዝ የሚቆም ማርደን የለም፤ የየትኛውም ወገን ይሁን። ክላሪቤል ግን ስትበላ ሁሉ ጣቶቿን ከጠረጴዛው በታች ታንቀሳቅስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አይዳን ቀና ብላ አየች፤ ሳህኗን አንሥታም ወደ ታችኛው ጠረጴዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ መልሱን ካገኘች ይበቃታል።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ዶክተር ሆሬስ ኮቱን አውልቆ ዛፍ ላይ ሰቀለ። እጅጌውን ሰብስቦ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከ። ስድስት ድስት ነው። ልጆቹ ልናግዝህ ቢሉት እምቢ አለ። ጭሱ በነፈሰ ቁጥር ዓይኑን ይጠርጋል፤ እጁ ጥቁር ስለሆነ ፊቱም ጠቆረ። አሞስ ከላይኛው ጠረጴዛ፣ ከጥላው ሥር፣ እግሩን ዘርግቶ ያየዋል።

አይዳ ፎጣ ይዛ መጣች።

«ይሄ ከሥሩ ያለው አይለቅም» አለ ሆሬስ።

«በውሃ ብቻ አይለቅም። እናቴ በአሸዋ ነበር የምታሸው።»

ሆሬስ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ድስቱን እንዳቀፈ አሸዋ ሊያመጣ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ።